ባንዱና ቡድኑ፤ ስለ መስከረም መድረክ አጭር ታሪክ

በኦሮምኛ «ቢራ» ማለት ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ጭቃው ሲደርቅና ሜዳው አበባ ሲለብስ የሚመጣው ወቅት ነው። እኛ መስከረም ጠባ፣ አደይ ፈነዳ የምንለው መሆኑ ነው። የድሬዳዋው ልጅ ዓሊ መሐመድ ሙሳ ገና በልጅነቱ «አፍራን ቀሎ» ከሚባለው የከተማው የሙዚቃ ቡድን ጋር ወጥቶ መጀመሪያ የዘፈነው ስለዚሁ ወቅት ነበርና ሰዉ የዘፈኑን ቃል ስሙ አደረገለት። ዓሊ ቢራ ተባለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እስካረፈበት ቀን ድረስም በዚሁ ስም ተጠራ። እንግዲህ ዓሊ ቢራን የማያውቅ ተማሪ በዚህ ግቢ ይገኛል ብዬ አልገምትም። ግን አፍራን ቀሎን ያወቃችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ልጁን ያበቀለው ቡድን የት ገባ? ዘፋኙ በታሪክ ሲገባ ከኋላው ቆመው የሚመቱለት፣ የሚያጨበጭቡለትና የሚቀበሉት ሰዎች ለምን በር ላይ ቀሩ?

ይህን ጥያቄ ለመከተል ከወቅቱ መነሳት ይሻላል። በዚህ አገር የሙዚቃ ዓመት የሚጀምረው ከመስከረም ነው። በዓል ስለበዛ ብቻ አይደለም። ሙዚቀኛችን ጥንት እግረኛ ነበር። አዝማሪው ማሲንቆውን አንጠልጥሎ ከአገር አገር የሚዞረው ወንዙ ሲጎድልና መንገዱ ሲደርቅ ነው፤ ክረምቱንማ ከሰው ቤት ተጠግቶ ይከርማል። መስከረም ሲጠባ እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና ኢሬቻ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ቀጥሎ አዝመራው ይሰበሰባል፤ ጥር ላይ ደሞ ሠርጉ ይደርሳል። ባንድ የሚባለው ነገር ከመጣ በኋላም ይህ ወቅት አልተለወጠም። ቴአትር ቤቱ አዲስ ዝግጅቱን የሚያሳየው ለእንቁጣጣሽ፣ ድምፃዊውም አዲስ ሥራውን የሚያወጣው ለእንቁጣጣሽ ሆነ። የተለወጠው ከፋዩ ነው። የባንዶቻችን ታሪክ በእኔ አስተያየት በአብዛኛው የከፋዮች ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ከፋይ ቤተ መንግሥት ነው። ነጋሪቱ፣ እምቢልታውና መለከቱ የማዕረግ ዕቃዎች ነበሩ፤ ማን ፊት ስንት ነጋሪት ይመታል የሚለው የሹመት ጉዳይ እንጂ የጥበብ ጉዳይ አልነበረም። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ቄሣር ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላከና የማርሽ ባንድ ተጀመረ። በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ ገቡ፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘመነ መንግሥቱን የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በኋላ የቴአትር ቤቱን ኦርኬስትራ ያሠለጠነው ነው። በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ተቋቋመ፤ ከጣሊያን መባረር በኋላ ክብር ዘበኛውም፣ ፖሊሱም፣ ምድር ጦሩም የየራሳቸው ኦርኬስትራ ኖራቸው፤ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተመረቀ።

እነዚህ ሁሉ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ የደንብ ልብስ የሚለብሱ ሰዎች ነበሩ። ሳክስፎን የሚነፋው ሰው የጦር ሠራዊት አባል ነው፤ ማዕረግ አለው፣ ቅጣትም አለው። ክብር ዘበኛ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ የኦርኬስትራው ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ መታሰሩ ይታወቃል። ድምፁ የእሱ ይሁን እንጂ መድረኩ የጦሩ ነበር። ጥላሁን ራሱ ያደገው ወሊሶ ነው። ከወሊሶ ሀገር ፍቅር፣ ከሀገር ፍቅር ክብር ዘበኛ። በዚያ ዘመን ከጠቅላይ ግዛት የተነሳ ድምፅ ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል ይኸው ነበር፤ መሰላሉ ያለውም አዲስ አበባ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ከፋይ ነጋዴው ነው። ሸክላ የማስቀረፅና የማስመጣቱ መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሲኖር በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ገና 20ዎቹን ያልጨረሰ ወጣት የመጣው ይምጣ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርፆ ሸክላውን ውጭ አገር አሳተመ። ማንም ሳይነካው ቀረ። ከዚያ በኋላ በስድስትና በሰባት ዓመት ውስጥ አምሃ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ፤ ፊሊፕስም ካይፋም ተከተሉ። የጦሩ ሙዚቀኞች ማታ ማታ የደንብ ልብሳቸውን አውልቀው ክበብ ውስጥ ይጫወቱ ጀመር፤ ቆይቶም ከማንም መሥሪያ ቤት ያልሆኑ ባንዶች ተቋቋሙ። ዋልያስ በሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል ተጫወቱ። (ዋልያና አይቤክስ ያው አንድ ፍየል መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ አንዱ የሰሜንን ስሙን፣ ሌላው የፈረንጅ ስሙን ይዞ ነው የወጣው።) ከአይቤክስም ሮሃ ባንድ ተወለደ።

እስቲ ሮሃ ላይ ትንሽ እንቁም። ሮሃ የላሊበላ ከተማ የጥንት ስም ነው። የአዲስ አበባው ባንድ ሮሃ ተባለ። በዚያው ዘመን ደሴ ላይ የወሎ ክፍለ ሀገር የሙዚቃ ጓድ ስም ደግሞ ላሊበላ ነበር። አንድ ከተማ፣ ሁለት ስም፣ ሁለት መድረክ። ግን አንደኛው «ሮሃ ባንድ» ሲባል ሁለተኛው «ላሊበላ የኪነት ቡድን» ነው። ሁለቱም ይጫወታሉ፣ ሁለቱም ይለማመዳሉ፣ ሁለቱም ሕዝብ ፊት ይቀርባሉ፤ ሆኖም የዋና ከተማው ባንድ ነው፣ የክፍለ ሀገሩ ቡድን ነው። ቋንቋችን ማንም ሳያዘው ማዕረግ ሰጥቶ ቁጭ አለ። ዳህላክ ባንድም ስሙን ከቀይ ባሕር ደሴቶች ነው ያመጣው። የአዲስ አበባ ባንዶች ስማቸውን ከዳር አገር ይወስዳሉ፣ ዳር አገሩ ግን ለራሱ ባንድ የሚባል ስም አያገኝም።

የወሰዱት ስም ብቻ ቢሆንስ ጥሩ ነበር። አራቱ ቅኝቶች የምንላቸውን እንቁጠራቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ባቲ የወሎ ቆላ ገበያ ነው፤ ሰኞ ሰኞ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአማራውም የሚገናኝበት። አምባሰል የወሎ አገር ነው። ክበብ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጊታርና በኦርጋን ሲጫወቱ የምንሰማቸው ዜማዎች ብዙዎቹ የቆሙት በነዚህ ላይ ነው። ታዲያ ወርቃማው ዘመን የሚባለው ነገር ሲተረክ ሂልተን ይጠቀሳል፣ ራስ ሆቴል ይጠቀሳል፣ ባቲ ግን እንደ አገር ሳይሆን እንደ ቅኝት ብቻ ይጠራል።

ደግሞ ዳር አገሩ ባንድ አልነበረውም እንዳይባል። አስመራ ላይ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው ማኅበር ቴአትር አስመራ ድራማውንም ሙዚቃውንም ይዞ ይዞር ነበር። ድሬዳዋም ያው የባቡር ከተማ ናት፤ የኤደንና የጅቡቲ ዕቃ የሚገባባት፣ ዐረብኛው፣ ሶማልኛው፣ ኦሮምኛው፣ አደርኛው በአንድ ቡና ቤት የሚሰማባት። አፍራን ቀሎ የተወለደው ከዚህ መሐል በ1950ዎቹ ነው። ስሙ አራቱን የቀሎ ጎሳዎች የሚያመለክት ነው። ዋና መድረኩ ሠርግና በዓል ነበር። በኦሮምኛ በመድረክ መዝፈን በራሱ ጥርጣሬ በሚያስነሳበት ጊዜ ቡድኑ ከባለሥልጣን ጋር መጋጨቱ አልቀረም። ዓሊም ወደ አዲስ አበባ ሄደና የት ተቀጠረ? ክብር ዘበኛ። መሰላሉ አንድ ነው አላልኳችሁም? ሸክላም ያስቀረፀው ዋና ከተማ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ስለ ዓሊ ቢራ በሸክላ የሚገኘው ማስረጃ ከአዲስ አበባ ይጀምራል፤ ድሬዳዋ የነበረው ዓሊ በትዝታ ብቻ ቀረ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ። ሦስተኛው ከፋይ መጣ። ይህ ከፋይ ከሁለቱ የሚለየው እጁ እስከ ቀበሌ የሚደርስ መሆኑ ነው። ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር እየተመረጠ በአገሩ ሁሉ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። የወሎ ላሊበላ፣ የጎጃም ግሽ ዓባይ፣ የጎንደር ፋሲለደስ ስማቸው የገነነው በዚህ ጊዜ ነው። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ከጊታርና ከኦርጋን ጋር ጎን ለጎን ቆሙ። ፕሮግራሙ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበር፤ መጀመሪያ በኅብረት የሚዘመር የአብዮት መዝሙር፣ ቀጥሎ አጭር ድራማ፣ ቀጥሎ የብሔረሰቦች ጭፈራ፣ በመጨረሻ ሰዉ ጠቅላላ መፈክሩን ችሎ የጠበቀው የአገሩ ዘፈን። ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት ያፈራው የወሎው ላሊበላ ነው። በ1970ዎቹ ካሴታቸው በየመንደሩ የተሰማ ብዙ ዘፋኞችም አፋቸውን የፈቱት ከቀበሌ ኪነት ነው።

መስከረም 2 የአብዮት በዓል ስለሆነች እንቁጣጣሽና አብዮት ጎን ለጎን ዋሉ። ጥንት አዝማሪው ወንዝ ሲጎድል በራሱ ጊዜ ይነሳ የነበረበት ወቅት አሁን የመንግሥት ቀጠሮ ሆነ። ክፍለ ሀገር የሚለማመደው መስከረምን አስቦ ነው።

ከእነዚህ መስከረሞች አንዱን ግን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። መስከረም 1977 ዓ.ም.፣ አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብርና ኢሠፓ ሲመሠረት፣ አዲስ አበባ በቅስትና በባንዲራ አጊጣ ነበር። በዚያው መስከረም ወሎ ይራብ ነበር። የኮረም መጠለያ ፊልም በጥቅምት ወር ለዓለም የታየው በዓሉ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። አሁን አስቡት፤ አምባሰልና ባቲ በራዲዮ የሚሰሙ ዜማዎች ናቸው፤ አምባሰልና ባቲ ሰው የሚያልቅባቸው አገሮችም ናቸው። ዜማው ወደ መሐል አገር የሚገባበት መንገድ ክፍት ነበር፤ የአገሩ ወሬ የሚገባበት መንገድ ግን ተዘግቶ ነበር። አንድ አገር በዘፈኑ ብቻ እንዲታወቅ ሲደረግ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ለረኃቡ እርዳታ የሰጡትን ሕዝቦች ለማመስገን «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ትልቅ ጓድ ተቋቁሞ ዓለምን ዞረ። የሁሉም አገር ጭፈራ በአንድ መድረክ ቀረበ፤ ያዩት ሁሉ ያደነቁት ሥራ ነው። የየክፍለ ሀገሩ ቡድን ስም ግን በአንዱ ትልቅ ስም ውስጥ ተዋጠ።

ሆቴሉስ በዚህ ጊዜ ምን ይሠራል? ሰዓት እላፊ ነበር። ከታወጀው ሰዓት በኋላ ጎዳና ላይ መገኘት ለሕይወት ያሰጋል፤ ስለዚህ ሊዝናና የገባ ሰው በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ድረስ እዚያው ነው። ባንዱም እስኪነጋ ይመታል። ይህ ሰው የተቆለፈበት ሌሊት ሙዚቀኛውን አሠለጠነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ባንድ የማያውቀው ዜማ አይኖርም። በዚያ ላይ የሆቴሉ ባንድ የውጭ ዜጋና ገንዘብ ያለው ሰው የሚሰማው ነው። ሌሊቱ የሆቴሉ ባንድ፣ ቀኑ የኪነት ቡድኑ ሆነ ማለት ነው። በ1973 ዓ.ም. አካባቢ ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከአባላቱ ገሚሱ እዚያው ሲቀሩ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነዳ፤ ከ30 ዓመት በኋላ የድሮ ሥራው እንደገና ታትሞ ፈረንጅ ሲያጨበጭብለት አየን። ደስ ይላል። የደሴው ኦርጋን ተጫዋች ግን ማን ነበር?

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ የሚያነሱትን ክርክር አውቀዋለሁ። ኪነት እኮ የደርግ ፕሮፓጋንዳ ነው፣ ቢረሳ ምን ይጎዳል ይላሉ። እኔ ግን ሚዛኑ ትክክል አይመስለኝም። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ በየዓመቱ ሐምሌ 16 ለንጉሡ ልደት አልዘመረም እንዴ? ለዙፋኑ የተዘፈነው ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው? ሆኖም በዚህ የተነሳ የጥላሁንን ሸክላ የጣለ ሰው አላየሁም። የንጉሡ ባንድ «ወርቃማ» ሲሆን የቀበሌው ቡድን «ፕሮፓጋንዳ» የሚሆንበት ምክንያት መዝሙሩ አይደለም። ምክንያቱ ሸክላው ነው። አንደኛው ተቀርፆ፣ ተሸጦ፣ በሰው ቤት ተቀመጠ፤ ሁለተኛው አደባባይ ላይ ተሰምቶ ነፋስ ወሰደው።

የታሪኩ አጻጻፍም ይህንኑ ተከትሏል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እትም የድሮዎቹን ሸክላዎች ለዓለም አሰማ። ባይኖር ኖሮ ብዙው ጠፍቶ ነበርና ምስጋና ይገባዋል፤ የአዝማሪ፣ የበገናና የትግርኛ ቅጾችም አሉበት። ግን ትልቁ ክፍሉ ሸክላን የሚከተል ሥራ ነው፤ ሸክላው የተቀረፀውም አዲስ አበባ፣ ከ1961 እስከ 1970 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ አንባቢው የሙዚቃው ታሪክ በነዚያ 10 ዓመታትና በአንድ ከተማ ያለቀ ይመስለዋል። የሮሃ ባንዱ ጊታር ተጫዋች ሰላም ስዩም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሲማር የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈው በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አነሳስ ላይ ነው። ከዐድዋ ዘመን ተነስቶ የሚያቆመው 1966 ዓ.ም. ላይ ነው። ማታ መድረክ ላይ፣ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የነበረ ሰው ነውና ሥራውን በአክብሮት ነው የማየው። ከ1966 በኋላ ያለው፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ግን ገና ጸሐፊውን ይጠብቃል።

በ1983 ዓ.ም. ሦስተኛው ከፋይ ሄደ። ጦር ሠራዊቱ ሲበተን ባንዱም አብሮ ተበተነ። ከኪነት ቡድኖቹ ገሚሱ ፈረሰ፤ ገሚሱ በክልል ባህል ቢሮ ሥር ስሙን ለውጦ ቀጠለ፤ ባሕር ዳር ላይ ዛሬ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ። ሰዓት እላፊውም ሲነሳ የሆቴሉ ባንድ ሌሊቱን አጣ፤ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ የባንዱን ሁሉ ሥራ መሥራት ጀመረና የነሐስ ነፊው ከነሳክስፎኑ ቤቱ ገባ። የመስከረሙ ኮንሰርት ግን አልቀረም። ዛሬም ለእንቁጣጣሽ ፖስተር ይለጠፋል፤ ከፋዩ አሁን ቴሌኮም ነው፤ እስከ 2011 ዓ.ም. ቢራ ፋብሪካም ነበር። በፖስተሩ ላይ የዘፋኙ ፎቶ ትልቅ ነው፤ የባንዱ ስም ካለ ከታች በትንሹ ነው።

ይህ አሠራር ከካሴት የመጣ ነው። የ1970ዎቹ ካሴት በእጃችሁ ከገባ ሽፋኑን እዩት። ከላይ የድምፃዊው ስም በትልቁ ይጻፋል፤ ከሥሩ «ከሮሃ ባንድ ጋር» ወይም «ከኢትዮ ስታርስ ባንድ ጋር» ይላል። ድምፃዊው የመጣው ከደሴ ይሁን ከጎንደር፣ ካሴት ለማስቀረፅ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚጠብቀው የአዲስ አበባው ባንድ ነው፤ አብሮት ያደገው ቡድን አውቶቡስ ተሳፍሮ አልመጣም። ዜማውን ያወጣው፣ አቀባበሉን ያስተማረው፣ እስክስታውን ያበጀው ቡድን ሽፋኑ ላይ ቦታ የለውም። ከዚያ ቡድን የቀረ ድምፅ ካለ ያለው በራዲዮ ጣቢያው የክር መደርደሪያና በየከተማው ባለ ሱቆች እጅ ነው። አንዳንዱ ክር ከነመለያ ወረቀቱ አለ፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ የተጻፈው የክፍለ ሀገሩ ስምና «መስከረም 2» የምትለዋ ቀን ብቻ ናት።